የዓለማየሁን አፅም ስንጠይቅ፣ ከእግራችን ሥር ያለውንስ?

ደብረ ታቦር ውስጥ ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሲወራ ወሬው የትናንት ይመስላል። ጋፋት የት እንደሆነ ብትጠይቁ ልጁም ሽማግሌውም እጁን ዘርግቶ ያሳያችኋል። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል እዚያ ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ንጉሡ ከተማቸውን ራሳቸው አቃጥለው፣ መድፋቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። ወደ ደብረ ታቦርም አልተመለሱም። ለዚህ ይሆናል የደብረ ታቦር ሰው የቴዎድሮስን ነገር ሲያነሳ ቀብር ያልወጣለትን ዘመዱን እንደሚያነሳ ሰው የሚሆነው።

በየዓመቱ ሚያዝያ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ይነሳል። "የልዑል ዓለማየሁ አፅም ይመለስ!" ይባላል። ፎቶው በየገጹ ይለጠፋል፤ ያ ዓይኑ ያዘነ ልጅ። እኔም ለጥፌዋለሁ፤ እናንተም ለጥፋችሁታል። ዛሬ ግን ጥያቄውን ትንሽ ጠለቅ አድርገን እንየው። እንግሊዞች "አይሆንም" ሲሉ የሰጡት ምክንያት በሳይንስ ሚዛን ምን ያህል ይከብዳል? ቀጥሎ ደግሞ የሚያምም ጥያቄ አለ። እኛ ራሳችን፣ በገዛ አፈራችን ውስጥ ላሉት አፅሞች ምን አደረግን?

(ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ሌላ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

፩. ንጉሡና ፀጉራቸው

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የፋሲካ ማግስት ሰኞ ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ አምባ ላይ ሲወጣ አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ተገኙ። የእንግሊዝ ሐኪሞች ሬሳውን መረመሩ። ጥይቱ የገባው በአፍ በኩል መሆኑን አዩ፤ ንጉሡ የሞቱት በገዛ እጃቸው ነው ብለውም መዘገቡ። የንጉሡን አሟሟት ዛሬ በእርግጠኝነት የምናወራው አንድም በዚያ ምርመራ ምክንያት ነው። ሬሳውን ያየው ባይመዘግብ ኖሮ "እኔ ገደልኩት" የሚል ስንት ወታደር ይነሳ ነበር!

ግን የዚያኑ ዕለት እዚያው ቦታ ላይ ሌላም ነገር ተደረገ። ወታደሮቹ ለማስታወሻ እያሉ ልብሳቸውን ቀደዱ፣ ፀጉራቸውን ቆረጡ። ሬሳው በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አምባው ሲቃጠል ቤተ ክርስቲያኑም አብሮ ተቃጠለ። በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ የተጫነው ምርኮ ወደ ባሕር ወረደ። አፅማቸው በኋላ ወደ ቋራ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም ፈልሶ እንዳረፈ ይታመናል።

ከተቆረጠው ፀጉር ከፊሉ የንጉሡን ሬሳ በሣለ ሰው ቤተሰብ እጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ለለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተሰጠ። መጋቢት 2011 ዓ.ም. ሙዚየሙ ፀጉሩን ለኢትዮጵያ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትር አስረከበ። የሙዚየሙ ሰዎች ውሳኔያቸው ፀጉሩ ከንጉሡ መቃብር ጋር አብሮ እንዲያርፍ ከመሻት የመጣ መሆኑን ተናገሩ። ይህን ልብ በሉ። በመስታወት ውስጥ "ዕቃ" ሆኖ የቆየው ነገር የሰው አካል መሆኑ የታወቀው ከ150 ዓመት በኋላ ነው።

፪. ልጁ

ዓለማየሁ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ፣ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ ታመው ሞቱ፤ እንደርታ ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ በካፒቴን ስፒዲ እጅ እንግሊዝ ገባ። ንግሥት ቪክቶሪያ አየችው፣ አዘነችለት፣ ወደደችው። ከስፒዲ ጋር ሕንድም ደርሶ ተመለሰ። ቼልትንሃም ተማረ፣ ራግቢ ተማረ፣ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ። 18 ዓመቱ ነበር። በንግሥቲቱ ፈቃድ ዊንዘር፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ።

በ1999 ዓ.ም.፣ ለሚሌኒየሙ ስንዘጋጅ፣ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አፅሙ እንዲመለስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጻፉ። አፅሙ አልመጣም። ግንቦት 2015 ዓ.ም. ጥያቄው እንደገና ሲነሳ የበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ለቢቢሲ መልስ ሰጠ። የመልሱ ፍሬ ነገር "በአቅራቢያው የተቀበሩ ብዙ ሌሎች ሰዎችን ሳንረብሽ የእሱን አፅም ማውጣት የሚቻል አይመስልም" የሚል ነው።

ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ ተቆጣን። ቁጣው ልክ ነው፤ ግን መልስ አይሆንም። መልሱ ያለው አፅም በሚያነቡት ሰዎች ዘንድ ነው።

፫. አጥንት እንዴት ይነበባል?

ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ የሚባለው ሙያ ለአጥንት አራት ጥያቄ ያቀርባል። የሰው ነው ወይ? የማን ነው? እንዴት ሞተ? ከሞተ በኋላስ ምን ደረሰበት?

የዳሌ አጥንት ወንድና ሴትን ይለያል። የጭን አጥንት ርዝመት ቁመትን ይናገራል። ዕድሜ ደግሞ ከአጥንት ጫፎች ይታወቃል። ልጅ ሲያድግ የረጃጅም አጥንቶቹ ጫፍ ከግንዱ በስስ ልም አጥንት ይለያል፤ ዕድገቱ ሲያበቃ ይገጥማል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይገጥምም። ትከሻን ከደረት የሚያገናኘው አጥንት በደረት በኩል ያለው ጫፉ ከሃያ ዓመት ወዲህ ነው ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው። ስለዚህ የ18 ዓመት ወጣት አፅም በጎልማሶች አፅም መካከል ቢቀላቀል እንኳ ባለሙያ ይለየዋል።

ሰው በሕይወት ሳለ ወይም ሊሞት ሲል የተሰበረ አጥንት እንደ እርጥብ እንጨት ይሰነጠቃል፤ መቃብር ውስጥ ደርቆ የተሰበረ እንደ ደረቅ ጭራሮ ይሰበራል። ጥይት ራስ ቅልን ሲመታ የገባበት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይሰፋል፤ የወጣበት ወደ ውጭ ይሰፋል። ከፊት ነው ከኋላ የተተኮሰው የሚለው ክርክር በዚህ ይፈታል። ሲሸሽ ነው፣ ተንበርክኮ ነው፣ ሲዋጋ ነው የሞተው? አጥንቱ ብዙውን ይናገራል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ጥርስ ነው። የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ዘውዱ ተሠርቶ የሚያልቀው በሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ የሁለተኛው በሰባት በስምንት ዓመት፤ መጨረሻ ላይ የሚበቅለው የኋላኛው መንጋጋ ደግሞ ከ12 እስከ 16 ዓመት ባለው ጊዜ። ሲሠራ ልጁ የሚጠጣውን ውሃና የሚበላውን እህል ምልክት ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አይለወጥም። ስትሮንቲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ከዓለቱ ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩ ወደ እህሉ፣ ከእህሉ ወደ ጥርሱ ይገባል። የእኛ ደጋ ዓለት እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጉና ራሱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። የእንግሊዝ አፈር ሌላ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ዊንዘር መሬት ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ተኝቷል። የመጀመሪያ መንጋጋዎቹ የኢትዮጵያን ደጋ ውሃ የያዙ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ የእንግሊዝን። በዙሪያው ከተቀበሩት መካከል እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው ማን ይኖራል?

፬. የአባት ፀጉር ልጁን አይለይም

አንድ ወዳጄ "የቴዎድሮስ ፀጉር ተመልሶልን የለ? በእሱ ዲኤንኤ ልጁን መለየት አይቻልም?" ብሎኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ያልጠበቅነው ነው። ከሥሩ ያልተነቀለ፣ በመቀስ የተቆረጠ አሮጌ ፀጉር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ማይቶኮንድሪያ የሚባለው ዲኤንኤ ነው። ይህ ዲኤንኤ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። አባት ለልጁ አያወርሰውም። በዚህ መንገድ ከሄድን የንጉሡ ፀጉር የንጉሡን እናት መስመር እንጂ ልጁን አይመሰክርም።

የዓለማየሁ ምስክሮች ሌሎች ናቸው። አንዱ የራሱ ፀጉር ነው። የካፒቴን ስፒዲ ዘመዶች ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ያቆዩትን የልዑሉን ፀጉር መስከረም 2016 ዓ.ም. ለንደን ላይ ለኢትዮጵያውያን አስረክበዋል። ሁለተኛዋ ምስክር እናቱ ናቸው፤ እሳቸውም ያሉት ትግራይ ውስጥ፣ ጨለቆት ነው። ደብረ ታቦር "ልጄን" ብላ ብትጮህ ልጁን የሚለይላት የእንደርታ አፈር ነው። ይህን ስጽፍ ያለንበትን ዘመን አልረሳሁም። አጥንቱ ግን እኛ ያሰመርነውን መስመር አያውቀውም።

"ይህ ሁሉ ወሬ ነው፣ በተግባር አይሆንም" ለሚል ሰው ደግሞ ምስክሬ እንግሊዝ ራሷ ናት። ንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊ እ.ኤ.አ. በ1485 በጦር ሜዳ ሞተ፤ መቃብሩ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2012 የሌስተር ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች ከመኪና ማቆሚያ ሥር አፅሙን አወጡት። የጎበጠ አከርካሪው፣ ራስ ቅሉ ላይ ያሉት የመሣሪያ ምልክቶች፣ የካርበን ምርመራው አንድ ላይ መሰከሩ። የመጨረሻውን ቃል የሰጠው በእህቱ በኩል በሴት መስመር የወረደ፣ ዛሬ በሕይወት ያለ ዘመድ ዲኤንኤ ነው። ከ500 ዓመት በላይ የጠፋ ንጉሣቸውን ከአስፋልት ሥር አውጥተው፣ ለይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በክብር ቀበሩት። ቀኑና ቦታው ተጽፎ የተቀበረን፣ ገና አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያልሞላውን ልጅ "መለየት ያስቸግራል" ቢሉን ማን ያምናል?

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር ልጨምር። የቤተ መንግሥቱ መልስ ሙሉ በሙሉ ሰበብ አይደለም። እዚያ የተቀበሩት ሌሎች ሰዎችም የሰው ልጆች ናቸው። ለእነሱ ዕረፍት ማሰብ ነውር የለውም። ነገር ግን ይህ የፈቃድና የጥንቃቄ ጥያቄ ነው እንጂ የችሎታ ጥያቄ አይደለም። ሳይንሱ "ይቻላል" ይላል፤ "አንፈልግም" ከሆነ መልሱ እንደዚያ ይባል።

፭. አሁን ወደ ቤታችን

እስካሁን የጻፍኩት ሁላችንንም የሚያስማማ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ላያስማማን ይችላል።

መቅደላ ላይ የሞቱት ቴዎድሮስ ብቻ አይደሉም። ሚያዝያ 3፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ሜዳ ላይ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል። ከዚያ በፊት ባለው ቀን፣ ጸሎተ ሐሙስ፣ ንጉሡ ራሳቸው ብዙ እስረኞችን አስገድለው ከእስላምጌ ገደል አስወርውረዋል። ቴዎድሮስን የምንወድ ሰዎች ይህችን ገጽ ቶሎ እንገልጣታለን። የዓለማየሁ አፅም አንድ ነው፤ ስሙ ይታወቃል፣ መቃብሩ ይታወቃል፣ የነሐስ ጽሑፍ ተለጥፎለታል። ከገደሉ ሥር የቀሩት ስማቸው ማን ነበር? የማን ልጆች ነበሩ? እነሱን የሚጠይቅ ሰልፍ ለንደንም የለም፣ ደብረ ታቦርም የለም።

ወደ ሰሜን ሸዋ እንሂድ። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ዘረት አካባቢ በአንድ ትልቅ ዋሻ የተሸሸጉ የአርበኞች ቤተሰቦችንና አርበኞችን ከበበ። በመርዝ ጋዝ መታቸው፤ የወጡትን ረሸነ። ሴትና ሕፃን፣ ሽማግሌ ሳይቀር አለቀ። ያገሬው ሰው ዋሻውን "አመፀኛ ዋሻ" ብሎ ሲያስታውሰው ኖሯል። ከአካባቢው ውጭ ያለው ዓለም ግን ነገሩን በደንብ የሰማው ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ፣ ከሚሌኒየሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የጦሩን ሰነድ ተከትሎ ዋሻው ድረስ ከመጣ በኋላ ነው። ቀጥሎ ስፔናዊው አርኪዮሎጂስት አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባልና ኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህሌ ያሉበት ቡድን ዋሻውን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2011 አሳተመ። አጥንቱ፣ የእህል ማስቀመጫው፣ የቤት ዕቃው እዚያው ነበር። ወደ 70 ዓመት ሙሉ! እረኞች ያውቁታል፣ መንግሥታት አልጠየቁትም።

፮. ኅዳር 14 እና ኅዳር 15

አሁን አንድ የቀን ግጥምጥሞሽ ላሳያችሁ። እኔ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ቀን እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቅዳሜ ሌሊት ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፣ መኳንንቱ፣ ጄኔራሎቹ በከርቸሌ ተረሽነው በአንድ ጉድጓድ ተጣሉ። ዘመድ ሬሳ አልተሰጠውም፤ ለቅሶም አልተፈቀደም።

በማግስቱ ኅዳር 15፣ እሑድ፣ አፋር ሐዳር ላይ ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልደረባው ከጠፍ መሬት ላይ አንዲት የክንድ ቁራጭ አጥንት አዩ። ድንቅነሽ ነበረች። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት። ቦታው ተከለለ፣ አፈሩ በወንፊት ተነፋ፣ እያንዳንዷ ፍንካች ተለቀመች፣ ቁጥር ተሰጣት። ከአካሏ 40 በመቶ ያህል ተሰበሰበ።

አንድ አገር፣ የአንድ ሌሊት ልዩነት። በአንደኛው ቦታ ለ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጥንት አፈር በወንፊት ይነፋል፤ በሌላኛው ትናንት በሕይወት የነበረ ሰው ያለ ሣጥን፣ ያለ ስም ጉድጓድ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ብርሃኔ አስፋው፣ ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዓለም ያደነቃቸው የአጥንት አንባቢዎች ሆነውልናል። አገሪቱ አጥንት ማንበብ የሚችሉ ልጆች አሏት። ያነበቡልን ግን የሚሊዮን ዓመቱን ነው፤ የሃምሳ ዓመቱ አፅም አንባቢ አጥቷል።

አንድ ጊዜ ብቻ በሩ በሰፊው ተከፍቶ ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ ጉድጓዶች ተከፈቱ። የ60ዎቹ አፅም ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። የፓትርያርኩ የአቡነ ቴዎፍሎስ አፅም ወጣ። የቄስ ጉዲና ቱምሳ አፅም ወጣ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ አፅም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከወለል ሥር ተገኘ። ደርግ "በሕመም ሞቱ" ብሎ ያወጀው መግለጫ ቀድሞም ያመነው ሰው ጥቂት ነው፤ በሕመም የሞተን ንጉሥ ግን ወለል ቆፍሮ የሚደብቅ የለም። ዐቃቤ ሕግም ታንቀው ተገደሉ ብሎ ከሰሰ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በሥላሴ ተቀበሩ። በሞቱ በ25 ዓመታቸው።

በዚያው በ1980ዎቹ አጋማሽ ልዩ ዐቃቤ ሕግ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድንን ጋበዘ። ለምን አርጀንቲና? እነሱ ነገሩን በመራራ መንገድ ተምረውት ስለነበር ነው። የወታደራዊው አገዛዝ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወርድ የጠፉ ልጆቻቸውን የሚፈልጉ ቤተሰቦች መቃብር ይከፈት አሉ። ተከፈተ፤ ግን በአካፋና በቡልዶዘር። የአንዱ አጥንት ከሌላው ተደባለቀ፣ ጥይቱ ጠፋ፣ ማስረጃው ባከነ። አሜሪካዊው ክላይድ ስኖው እ.ኤ.አ. በ1984 ሄዶ ወጣት ተማሪዎችን በብሩሽና በማንኪያ መቆፈር አስተማራቸው። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 ቦሊቪያ ላይ የቼ ጉቬራን አፅም ከኩባ ባለሙያዎች ጋር የለዩት እነዚሁ ልጆች ናቸው።

እነሱ አዲስ አበባ መጥተው በሥርዓት ሲቆፍሩ የአንዳንዶቹ አፅም አንገት ላይ የናይለን ገመድ ተገኘ። ገመዱ ከአንገቱ ጋር፣ እዚያው በነበረበት ቦታ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ተለክቶ ተመዘገበ። በሩጫ የቆፈረ ሰው ያንን ገመድ ቆሻሻ ነው ብሎ በወረወረው ነበር። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፍቶ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኝነት ሲወሰን ከሰነዱና ከምስክሩ ጎን አፅሙም ቆሞ ነበር።

ከዚያስ? ዛሬ መስቀል አደባባይ ጥግ በ2002 ዓ.ም. ወደተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግቡ። በመስታወት ውስጥ ራስ ቅሎች ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ የወጣቶች ፎቶ አለ። ፎቶው ስም አለው። ከራስ ቅሎቹ ስንቱ የየትኛው ፎቶ እንደሆነ ግን ጎብኚው ቆሞ ይገምታል። ጎንደርን ጨምሮ በየክፍለ ሀገሩ "የት ደረሰ?" እየተባሉ የቀሩ ብዙ ናቸው።

፯. የሞተ ተጎዳ?

"የሞተ ተጎዳ" ይላል ያገሬ ሰው። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሬሳ ያላየች እናት ማቅ አትለብስ፣ ተዝካር አታወጣ፣ ዕድሯ ድንኳን አይተክልላት። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ ይደነግጣል። ከሞት ይልቅ የሚከብድ ነገር ቢኖር መርዶ ያልተነገረው ሞት ነው።

ሃይማኖትም "አፅም አትንኩ" ብሎ አይዘጋብንም። ቤተ ክርስቲያን ግንቦት 12 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ አፅም በዓል አድርጋ ታከብራለች። የዮሴፍን አፅም ሙሴ ከግብፅ ይዞ መውጣቱን የማያውቅ የለም። የቴዎድሮስስ አፅም ፈለሰ አይደል የሚባለው? አፅምን ከማይገባው ቦታ አንስቶ በሥርዓት ማሳረፍ ባህላችን ነው። ቁም ነገሩ "በሥርዓት" የምትለዋ ቃል ናት።

አሁን ደግሞ አዲስ መቃብር ሞልቶናል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንትን፣ ንፋስ መውጫን አልፎ ደብረ ታቦር ደርሶ ነበር። ከተማዋ በከባድ መሣሪያ ስትመታ ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል። በዳባት ወረዳ ጭና፣ በማይካድራ፣ በአክሱም፣ በሌሎችም ቦታዎች ሰዎች በጅምላ አልቀው በጥድፊያ ተቀብረዋል። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። አመቱ ሳይሞላ አማራ ክልል ውስጥ ሌላ ጦርነት ጀመረ። ዛሬም ማን የት እንደተቀበረ የሚያውቁት ቀባሪዎቹ ብቻ የሆኑበት ቦታ ብዙ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በወልቃይት አካባቢ የጅምላ መቃብሮች ማግኘታቸውንና አፅም ማውጣታቸውን ይፋ አደረጉ። ሟቾቹ ቀደም ባሉት ዓመታት የተገደሉ አማሮች ናቸው አሉ። በዚያው ዓመት ቢቢሲ በዚያው ምዕራባዊ አካባቢ የትግራይ ተወላጆች ሬሳ ከመቃብር እየወጣ ይቃጠላል የሚሉ የዓይን ምስክሮችን ጠቅሶ ዘገበ። የክልሉ ደጋፊ የመጀመሪያውን አምኖ ሁለተኛውን አጣጣለ። የትግራይ ደጋፊ ሁለተኛውን አምኖ የመጀመሪያውን አጣጣለ። እኔ በዚህ ዳኛ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ አፅሙ የማን እንደሆነ፣ መቼና እንዴት እንደሞተ ሁለቱም ወገን ሊያምነው የሚችል መርማሪ አይቶታል? ካላየው፣ ከሁሉ በፊት የተጎዱት የሟቾቹ ቤተሰቦች ናቸው፤ በየትኛውም ወገን ይሁኑ።

ስሬብሬኒጻን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1995 ቦስኒያ ውስጥ ወደ 8,000 የሚጠጉ ወንዶች ተገደሉ። ገዳዮቹ ማስረጃ ለማጥፋት መቃብሩን በማሽን ቆፍረው ወደ ሌላ ጉድጓድ ገለበጡት፤ የአንዱ ሰው አካል በተለያዩ ጉድጓዶች ተበተነ። ባለሙያዎቹ ተስፋ አልቆረጡም። ከዘመዶች ደም ወስደው፣ ከየአጥንቱ ዲኤንኤ አውጥተው እያስተያዩ ወደ 7,000 የሚጠጉትን በስማቸው ለዩ። እስከ ዛሬ በየዓመቱ የተለዩት ይቀበራሉ። "አልሆነም" እያለ የሚክድ ፖለቲከኛ አሁንም አለ፤ ነገር ግን ስም ካለው መቃብር ፊት ቆሞ መካድ ይከብዳል።

፰. ምን ይደረግ?

የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። እውነት ይፈለግ ይላል። እንግዲያው እውነቱ ያለው አፈር ውስጥ ነውና እኔ የምለው ይህ ነው።

አንደኛ፣ መቃብር አይነካ። የጅምላ መቃብር ያለበትን የሚያውቅ ቄስ፣ ሼህ፣ ሽማግሌ ቦታውን ምልክት ያድርግ፣ ያሳጥር፣ ይጠብቅ። ካሜራ ይዞ መጥቶ በዶማ የሚቆፍር ማንም ይሁን ማን፣ የእኛ ወገን ቢሆንም፣ ማስረጃ አጥፊ ነው።

ሁለተኛ፣ ስም ይመዝገብ። ይህ ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተር ይበቃል። የጠፋው ሰው መቼ፣ የት ታየ? ቁመቱ? የወለቀ ጥርስ ነበረው? በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ነበር? ምን ለብሶ ወጣ? ይህን የሚያውቁ እናቶች እያረጁ ነው። እነሱ ሲያልፉ አፅሙ ለሁለተኛ ጊዜ ይሞታል።

ሦስተኛ፣ የሚቆፍረው ሰው ከተፋላሚዎቹ ነፃ ይሁን። የሁሉም ወገን ቤተሰብ ቆሞ እያየ ይቆፈር።

አራተኛ፣ ባለሙያ እናፍራ። ዜና ላይ "አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ተላከ" ሲባል ስንሰማ ነው ያደግነው። አንድ አገር በአንድ ሆስፒታል ስም! ጎንደርም ደብረ ታቦርም ሐኪም የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሏቸው። የሚሊዮን ዓመት አጥንት የሚያነብ ምሁር ካለን የሃምሳ ዓመቱን የሚያነብ ማስተማር አያቅተንም።

አምስተኛ፣ የዓለማየሁን ጥያቄ አናቋርጥ። ግን "ስጡን" ብቻ አንበል። "ፀጉሩ አለን፣ የእናቱ መቃብር አለን፣ ባለሙያ አለ፤ ሌሎቹን ሳንረብሽ እንዴት እንደሚወጣ አብረን እንመርምር" እንበል። ያኔ "አይቻልም" የሚለው መልስ መቆሚያ ያጣል።

የዊንዘሩ ልጅ ጥርሱ ውስጥ የአገሩን ውሃ ይዞ ተኝቷል። በየጉድጓዱ ያለ ስም የተኙትም እንደ እሱ የዚህ አፈር ውሃ ጥርሳቸው ውስጥ አለ። ልዩነቱ እሱን የምንጠይቀው ከንጉሥ ቤት መሆኑ ነው፤ እነሱን የምንጠይቀው ከራሳችን።

እናንተ አካባቢ ያልተጠየቀ መቃብር አለ? ቦታውን እዚህ አትጻፉት። ከቤተሰቡ ጋር ግን ዛሬውኑ ደብተር አውጡ።